የኢንተርኔታችን ልኬት ለሁሉም ክፍት ይሁን፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
በአገራችን ፈቃድ ወስደው ለሚሠሩ የቴሌኮም ኦፕሬተሮች
ለዩኒቨርሲቲዎች የአይሲቲ ክፍሎች
በአገር ውስጥና በውጭ ለምትገኙ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎች

ጉዳዩ፦ ክፍት የኢንተርኔት ልኬትን ስለመደገፍ

ጤና ይስጥልኝ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በአገራችን ያለው የኢንተርኔት ጥራት ማንም ሊፈትሸው በሚችል መንገድ ይለካ፤ ውጤቱም ለማንም ክፍት ይሁን። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። ሜዠርመንት ላብ፣ በአጭሩ ኤምላብ የሚባለው ፕሮጀክት ከአሥር ዓመት በላይ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ሌሎች መሰሎቹም አሉ። የጎደለው የእኛ ድጋፍ ነው። ድጋፍ ስል ገንዘብ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ ከእያንዳንዳችሁ ምን እንደሚጠበቅ ከዚህ በታች አንድ በአንድ እጽፋለሁ።

ሥራዬ የቢሮና የሱቅ ኔትወርክ መዘርጋትና መጠገን ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ሲደክም የሚነሳውን ክርክር ከሁለቱም ወገን እሰማዋለሁ። ደንበኛው ደውሎ «ኔትወርክ የለም» ይላል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በትሕትና «በእኛ በኩል የሚታይ ችግር የለም፣ መሣሪያውን አጥፍተው ያብሩት» ትለዋለች። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። እሱ የሚያየው መሽከርከሩን ያላቆመውን ክብ ነው፤ እሷ የምታየው ከፊቷ ያለውን ስክሪን ነው። በመሃል የሁለቱንም ቃል የሚፈትሽ ቁጥር የለም፤ ካለም በአንደኛው ወገን እጅ ብቻ ነው። ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ በገዛ ሚዛኑ መዝኖ፣ ሚዛኑን ለገዢው ሳያሳይ «ሙሉ ኪሎ ነው» ቢል ማናችንም አንቀበለውም። ኢንተርኔት ላይ ግን ተቀብለን እየከፈልን ነው የኖርነው።

ቁጥሩ ሲገኝ ደግሞ ሁልጊዜ ለደንበኛው አይፈርድም። አንድ የሒሳብ ሥራ ቢሮ ኃላፊዋ ጠርታኝ አቅራቢ ለመቀየር ወስና ጠበቀችኝ። ላፕቶፔን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝቼ ስለካ የተዋዋሉት 10 ሜጋቢት ሞልቶ ይገባል። እሷ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ በዋይፋይ ስለካ 2 ሜጋቢት እንኳ አልሞላም። ራውተሩ መሬት ላይ፣ ከብረት ካዝና ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቅለነው ነገሩ አለቀ፤ አቅራቢውም ያለ ጥፋቱ ከመወቀስ ዳነ። በዚያው ከተማ ያለ አንድ ፋርማሲ ግን ሌላ ነበር። በኬብልም ተለክቶ ጠዋት ደህና የሆነው መስመር ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ይወርዳል፤ መልስ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ 4 ሰዓት ሲያልፍ ተመልሶ ይስተካከላል። በየምሽቱ እንዲህ ነው። ይሄ መጨናነቅ ነው፤ ራውተር በማንሳትና በመስቀል አይስተካከልም። ባለቤቱ ይህን የሚያሳይ ተከታታይ ልኬት ይዞ ሲቀርብ ግን የሚቀበለው ሰው አላገኘም፤ «በእኛ መሣሪያ የተለካ አይደለም» ተባለ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ የገፋፋኝ ይህ መልስ ነው። በማን መሣሪያ ተለክቶ ቢሆን ነበር የሚታመነው?

ኤምላብ የተቋቋመው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በቤቱ ሆኖ የራሱን መስመር የፈተሸ አንድ ደንበኛ፣ ኮምካስት የተባለው ትልቅ አቅራቢ በቢትቶረንት ፋይል የሚለዋወጡ ደንበኞቹን ግንኙነት በመሃል ገብቶ እንደሚያቋርጥ ደረሰበት። ኩባንያው ፋይል በሚለዋወጡት በሁለቱ ኮምፒውተሮች ስም የሐሰት «ግንኙነቱ ይቋረጥ» መልእክት ይልክ ነበር። ነገሩ በጋዜጠኞች ፍተሻ ተረጋገጠ፤ በ2008 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ድርጊቱን አወገዘ። ያ ሰው ሙያው ስላለው ደረሰበት፤ ሙያው የሌለው ደንበኛስ? ከዚህ በኋላ ነው በ2009 ከኢንተርኔት መሥራቾች አንዱ ከሆነው ከቪንት ሰርፍ ጋር ተመራማሪዎች፣ የኒው አሜሪካ ኦፕን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ፕላኔትላብና ጎግል ተባብረው ማንም ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ መስመሩን የሚፈትሽበትን ኤምላብን ያቋቋሙት። ፕሮጀክቱ ከጊዜ በኋላ ኮድ ፎር ሳይንስ ኤንድ ሶሳይቲ በተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ጥላ ሥር ገብቷል።

ዋናው መሣሪያው ኤንዲቲ ይባላል። ስልክዎ ወይም ኮምፒውተርዎ ከአንድ የኤምላብ ሰርቨር ጋር ይገናኝና ለ10 ሰከንድ ያህል በተቻለ ፍጥነት ያወርዳል፤ ከዚያ ለ10 ሰከንድ ያህል ይጭናል። የፍጥነቱን መጠን፣ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ፣ በመንገድ ጠፍቶ እንደገና የተላከውንም መጠን ይመዘግባል። ሌሎች የታወቁ የፍጥነት መለኪያዎች በአንድ ጊዜ ብዙ ግንኙነት ከፍተው ስለሚለኩ ብዙውን ጊዜ የበለጠ ቁጥር ያሳያሉ። ኤንዲቲ የሚከፍተው አንድ ግንኙነት ብቻ ነው። አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት ሆኖ አይደለም፤ የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። ብዙ ግንኙነት የሚከፍተው መስመሩ ቢበዛ ምን ያህል እንደሚሸከም ይነግራል፤ ኤንዲቲ አንድ ፋይል ለማውረድ የተቀመጠ ሰው መንገዱ ምን እንደሚመስልበት ያሳያል። ስለዚህ የሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አቁሞ «ውሸታም» መባባል አያስፈልግም።

ከመሣሪያው ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር ግን ሁለት ሌላ ነገር ነው። አንደኛው፣ ኤምላብ ሰርቨሮቹን የሚያስቀምጠው ከአቅራቢዎቹ ኔትወርክ ውጭ፣ ኔትወርኮች እርስ በርሳቸው በሚገናኙበት ቦታ ነው። የምንፈልጋቸው ነገሮች ሁሉ አቅራቢያችን ግቢ ውስጥ አይደሉምና ልኬቱም ግቢውን ተሻግሮ መሄድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኤምላብ ያወጣው ጥናት የዚህን ጥቅም በግልጽ አሳይቷል። በኒውዮርክና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የትልልቅ አቅራቢዎች ደንበኞች ኮጀንት በተባለ ኔትወርክ በኩል ሲያልፉ ምሽት ምሽት ፍጥነታቸው ክፉኛ ይወርድ ነበር። ወደ ሌላ ኔትወርክ ሲሄዱ ግን ያው ደንበኛ በዚያው ሰዓት ደህና ነው። ስለዚህ ችግሩ ከደንበኛው ቤት እስከ አቅራቢው ባለው መስመር ላይ አልነበረም፤ በኩባንያዎቹ መካከል ያለው መገናኛ ነበር የተጨናነቀው። ከወራት በፊት የተከማቸ ክፍት መረጃ ባይኖር ኖሮ ይህን ማንም ከውጭ ሆኖ ሊያይ አይችልም ነበር።

ሁለተኛው፣ የልኬቱ ውጤት የማንም የግል ንብረት አይደለም። ጥሬው መረጃ ሙሉ በሙሉ ለሕዝብ ይለቀቃል፤ ጅማ ያለ ተማሪም፣ ጋዜጠኛም፣ ኦፕሬተሩ ራሱም በነጻ ሊመረምረው ይችላል። አንድ ድርጅት «የአገሪቱ አማካይ ፍጥነት ይህን ያህል ነው» ብሎ የደረሰበትን ብቻ ሲነግረን ማመን ወይም አለማመን ነው ምርጫችን። ጥሬው ካለ ግን ሒሳቡን ራሳችን እንሠራዋለን።

አሁን ወደ ኦፕሬተሮች ልምጣ፤ ይህ የደብዳቤዬ ዋና ክፍል ነውና በትዕግሥት አንብቡልኝ።

መለካት ዳታ ይበላል። መስመሩ በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሚያወርድ ከሆነ በ10 ሰከንድ 200 ሜጋቢት ያወርዳል፤ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ይህ 25 ሜጋባይት ነው። 40 ሜጋቢት ከሆነ 50 ሜጋባይት። የሚጫነው ገና አልተቆጠረም። ቤቱ ያልተገደበ ብሮድባንድ ያለው ሰው ይህን ልብም አይለው። የቀን ጥቅል እየገዛ የሚጠቀም ሰው ግን አንድ ጊዜ ሲለካ የቤተሰቡን የቴሌግራም መልእክትና ፎቶ የሚያይበትን ዳታ ነው የሚያቃጥለው። ጠዋትና ማታ እየለካህ መዝግብልኝ ብዬ ገጠር ያለ ዘመዴን ልጠይቀው አልደፍርም።

ጉዳቱ የኪስ ብቻ አይደለም። መለካት የሚችለው ያልተገደበ መስመር ያለው ብቻ ከሆነ፣ በክፍት መረጃው ውስጥ የሚታየው ኢትዮጵያም የእነሱ ኢትዮጵያ ብቻ ይሆናል። ቦሌ ያለው ቢሮ በቀን ብዙ ጊዜ ይቆጠራል፤ ቆላማው ወረዳ ያለው የጤና ኬላ ጭራሽ አይኖርም። መረጃው ዋሽቶ አይደለም፤ ያልተለካ ነገር ስለማይታይ ነው። ቀጣዩ ማማ የት ይተከል፣ የትኛው ፋይበር ይጠናከር የሚለው ውሳኔ እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ከተመሠረተ የተረሳው እንደተረሳ ይቀራል።

ብዙ ሰው መፍትሔ ብሎ የሚያቀርበው ለመለኪያው የሚውለው ዳታ ከጥቅል እንዳይቀነስ ማድረግን ነው። እኔ ይህን አልደግፍም። ኦፕሬተሩ ከጥቅል እንዳይቀንስ የትኛው ዳታ የመለኪያው እንደሆነ መለየት አለበት፤ ከለየው ደግሞ ሊያፈጥነውም ይችላል። ያደርገዋል አላልኩም፤ ነገር ግን ሊያደርገው መቻሉ ብቻውን የልኬቱን አመኔታ ያጠፋል። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ለመለካት ፈቅደው ለተመዘገቡ ደንበኞች በየወሩ የተወሰነ ዳታ በስጦታ ይሰጣቸው። ለምሳሌ 1 ጊጋባይት ከላይ ባሰላነው በ20 ሜጋቢት መስመር በቀን አንድ ጊዜ ማውረድን ለወሩ በሙሉ ይሸፍናል፤ ለጭነቱም ይተርፋል። ደንበኛው ለመለኪያ ይጠቀምበት ለሌላ፣ ኦፕሬተሩ ማወቅ አይጠበቅበትም። በየክልሉ፣ በተለይ ከከተማ ራቅ ያሉ ፈቃደኞች ቢመረጡ ወጪው ለአንድ የማስታወቂያ ዘመቻ ከሚወጣው አይበልጥም ብዬ አምናለሁ። ጥቅሙም ለእናንተ ነው። የካዝናው ጀርባ ራውተር በስንት ቤት ስማችሁን እያስጠፋ እንደሆነ የምታውቁት ሰው ከለካ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በአገራችን የሞባይል አገልግሎት የሚሰጡት ኦፕሬተሮች ሁለት ሆነዋል። ውድድር ማለት ደንበኛ አወዳድሮ መምረጥ ሲችል ነው፤ ማወዳደሪያው ደግሞ ቢልቦርድ ላይ የተጻፈ ቃል ሊሆን አይገባም።

ክቡራን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ኃላፊዎች፤

መሥሪያ ቤታችሁ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲቋቋም የተጠቃሚውን ጥቅም የመጠበቅ አደራ ተሰጥቶታል፤ የአገልግሎት ጥራት መመሪያም አውጥታችኋል። ይህ ጥሩ መሠረት ነው። የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ኦፕሬተሮች የሚያቀርቡላችሁን የጥራት መረጃና እናንተ ራሳችሁ የምትለኩትን፣ ከአማካዩ በተጨማሪ በከተማና በወረዳ ተዘርዝሮ፣ እንዴት እንደተለካም ተገልጾ፣ ሰው ወስዶ ሊያሰላው በሚችል ፋይል አውጡልን። በድረ ገጻችሁ ላይ ደንበኛ መስመሩን የሚለካበት ክፍት መሣሪያ አስቀምጡ። አቤቱታ የሚያቀርብ ደንበኛ በክፍት መሣሪያ የለካውን ተከታታይ ውጤት ሲያመጣ ደግሞ እንደ አንድ ማስረጃ ተቀበሉት፤ የመጨረሻ ፍርድ ይሁን አላልኩም፣ ለመመርመር በቂ መነሻ ይሁን። አሜሪካ ውስጥ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽኑ በየቤቱ መለኪያ አስቀምጦ የብሮድባንድ ጥራትን ሲለካ የኤምላብን ሰርቨሮች ተጠቅሟል፤ የመጀመሪያውን ሪፖርት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ካናዳ ውስጥ የአገሪቱን የድረ ገጽ ስሞች (.ca) የሚያስተዳድረው ተቋም ለዜጎች ያቀረበው መለኪያም በኤምላብ ላይ የተሠራ ነው። ከባዶ መጀመር አይጠበቅብንም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ደንበኞቼን «መስመራችሁን ለኩ፣ ውጤቱንም አስቀምጡ» ስላቸው «ችግር አያመጣብንም?» ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። የራሱን መስመር፣ በራሱ ገንዘብ የገዛውን አገልግሎት የሚለካ ሰው ለምን ይፈራል? ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ «ደንበኛ የመስመሩን ጥራት መለካትና ውጤቱን ማሳተም መብቱ ነው» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያውጅልን ከብዙ ሥልጠናና ዐውደ ጥናት የበለጠ ይሠራል።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣም እናውቃለን። ፍጥነትን መለካትና የድረ ገጾችን መዘጋት መለካት የተለያዩ ነገሮች ቢሆኑም ተደባልቀው ይታያሉ። መዘጋትን የሚለካው ኡኒ የሚባለው ፕሮጀክት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ማንነትን ሰውሮ ኢንተርኔት መጠቀሚያ ሶፍትዌር በሚሠራው በቶር ፕሮጀክት ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ ለብቻው ይሠራል። በዲሴምበር 2016 ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ባወጣው ሪፖርት በአገራችን ዋትሳፕና በርካታ የዜና ድረ ገጾች ተዘግተው እንደነበር በልኬት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 መንግሥት በመቶዎች የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን መክፈቱን ሲያስታውቅ፣ በ2023 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለወራት ሲዘጉ፣ ነገሩ ከወሬ ወጥቶ የሚጣራበት መንገድ ይኸው ክፍት ልኬት ነበር። የኡኒን መተግበሪያ የምትጠቀሙ ግን ይህን እወቁ፦ መተግበሪያው የተዘጉ ሊሆኑ የሚችሉ ድረ ገጾችን ከእናንተ መስመር ይሞክራል፤ አቅራቢያችሁ ይህን ማየት ይችላል፤ ውጤቱም በይፋ ይወጣል። የምትኖሩበትን ሁኔታ አመዛዝናችሁ ወስኑ። ፍጥነት ብቻ ለመለካት ለምትፈልጉ በዚያው መተግበሪያ ውስጥ የፍጥነት ፍተሻው ለብቻው አለ፤ እሱም የሚሠራው በኤምላብ ሰርቨሮች ነው።

ስለ ግል ጉዳይም ሳልናገር አላልፍም። ኤምላብ ከልኬቱ ጋር የለካው ሰው የተጠቀመበትን የአይፒ አድራሻ መዝግቦ ያወጣል፤ ይህንንም ከመለካቱ በፊት ይናገራል። ስምም ስልክ ቁጥርም የለበትም። በሞባይል ዳታ አንድ አድራሻን ብዙውን ጊዜ ብዙ ደንበኛ ስለሚጋራው ከውጭ ለሚያይ ወደ አንድ ሰው በቀላሉ አይመራም። ቋሚ አድራሻ የገዛ ድርጅት ግን ልኬቱ የእሱ መሆኑ ሊታወቅ ይችላል። ይህ የማይመቸው አለመለካት መብቱ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ሰው አውቆና ፈቅዶ መስጠት አለበት የሚለው መርሕ እዚህም ላይ በሙሉ ልብ ሊከበር ይገባል።

ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ልመለስ። ልኬት መነሻ ብቻ ሳይሆን መድረሻም ይፈልጋል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፋይበሩ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም። ወደብ ስለሌለን መስመራችን በጎረቤት አገሮች አልፎ፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል፣ ቀይ ባሕርን ተከትሎ ነው የሚወጣው። በፌብሩዋሪ 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1 የተባለውን ጨምሮ የኢንተርኔት ገመዶች ሲቆረጡ በእኛ ቀጣና የተሰማን ለዚህ ነው። አውሮፓ ባለ ሰርቨር የተለካ ልኬት ይህን ሁሉ ርቀትና አደጋ ይዞ ስለሚመጣ የአገር ውስጡን ችግር ከውጭው ለመለየት ያስቸግራል። አገር ውስጥ፣ ከማናቸውም ኦፕሬተር ግቢ ውጭ የተቀመጠ ሰርቨር ቢኖር ሁለቱን አነጻጽረን «ይኼ የከተማችን ነው፣ ይኼ የባሕሩ ነው» ማለት እንችላለን።

ለዚህ ከዩኒቨርሲቲ የተሻለ ቦታ አይታየኝም። የትምህርትና የምርምር ተቋማትን የሚያገናኘው ኢተርኔት የተባለው ብሔራዊ ኔትወርክ አለ፤ የሰርቨር ክፍል፣ ጄኔሬተርና የሠለጠነ ሰው አለ። ኤምላብ ሰርቨር የሚያስተናግዱ ተቋማትን ይቀበላል፤ የሚጠይቀው አስተማማኝ መብራትና ሰፊ መስመር ነው። ሰፊው መስመር ዋናው ነገር ነው፤ ጠባብ መስመር ላይ የተቀመጠ ሰርቨር የራሱን ጥበት ነው የሚለካው። ለዚያ አቅም የሌለው ዩኒቨርሲቲ ራይፕ አትላስ በሚባለው ፕሮጀክት መጀመር ይችላል።

ራይፕ አትላስን የአውሮፓን የኢንተርኔት አድራሻዎች የሚያድለው ራይፕ ኤንሲሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ጀመረው። ለፈቃደኞች ከራውተር ጋር የምትገናኝ፣ ኃይሏን ከዩኤስቢ የምታገኝ ትንሽ መሣሪያ ይሰጣል፤ ከ2020 ወዲህ መሣሪያውን ሳይጠብቁ በሶፍትዌር ብቻ መሳተፍም ይቻላል። መሣሪያዋ የእናንተን የኢንተርኔት አጠቃቀም አታይም። ሥራዋ ወደ ተወሰኑ አድራሻዎች አጫጭር መልእክት ልካ መንገዱንና የፈጀውን ጊዜ መመዝገብ ነው፤ የምትበላው ዳታም ፍጥነት ከመለካት ጋር አይወዳደርም። መብራት ሲጠፋ ትጠፋለች፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ትጠፋለች፤ ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ከተቻለ ለራውተሩም ለእሷም ትንሽ ዩፒኤስ አድርጉላቸው፤ በአንድ ከተማ ሁለት ሦስት ቦታ ብትሆን ደግሞ ከሰፈር መብራት ጋር የሚያምታታ ነገር አይኖርም።

በውጭ የምትኖሩ ወገኖቼ፤ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቴል አቪቭ፣ በስቶክሆልም፣ በዱባይ ሆናችሁ ቤተሰባችሁን በቪዲዮ ስታናግሩ ፊታቸው ሲደርቅባችሁ የሚሰማችሁን አውቃለሁ። እናንተ የምታደርጉት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ገንዘብ ነው። እንደ ኤምላብና ኡኒ ያሉ ፕሮጀክቶች በአብዛኛው በስጦታና በድጋፍ ይቆማሉ፤ ከአገር ቤት በውጭ ምንዛሪ መክፈል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ለእናንተ ግን የአንድ ካርድ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የአትላስ መሣሪያ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው መሣሪያዋ በቆየች ቁጥር ነጥብ ያገኛል፤ በደቂቃ 15፣ ቀኑን ሙሉ ከሠራች 21,600። በዚህ ነጥብ በዓለም ዙሪያ ባሉት መሣሪያዎች የራስን ልኬት ማዘዝ ይቻላል፤ ነጥቡንም ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ይቻላል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች መሣሪያ ያጠራቀመችውን ነጥብ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ሥራውን ለሚሠራ ልጅ ብትልኩለት፣ ከመቶ አገር ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው መንገድ በየት በየት እንደሚያልፍና የት ላይ እንደሚዘገይ ሊያጠና ይችላል። እናንተን የሚያስወጣችሁ ከራውተራችሁ አጠገብ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ ነው።

በአገር ውስጥ ያለነው ተጠቃሚዎችም የድርሻችንን እንወጣ። ስንለካ በደንብ እንለካ። የቤት መስመር ከሆነ በኬብል፣ ካልተቻለ ከራውተሩ አጠገብ ቆመን፤ ሌላ የሚያወርድ ስልክ አቁመን፤ ቪፒኤን አጥፍተን። አንድ ጊዜ ለክቶ ስክሪንሹት ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ንዴት ያበርዳል እንጂ ማስረጃ አይሆንም። ጠዋት፣ ቀትር ላይና ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ለቀናት የተለካ፣ ሰዓቱና ቦታው የተጻፈበት ልኬት ግን ማንም ሊገፋው የማይችል ነገር ነው። ደህና ሲሆንም እንለካ። ስንናደድ ብቻ ከለካን ኦፕሬተሮቹ «የምትለኩት ሲበላሽ ብቻ ነው» ይሉናል፤ እውነታቸውንም ነው።

ዛሬ የታክሲም የዳቦም ክፍያ በቴሌብር እየሆነ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በኦንላይን የተፈተኑ ተማሪዎች አሉ። ልጄ የምትፈተንበት ትምህርት ቤት መስመር በፈተናው ሰዓት ምን ያህል እንደሚሸከም፣ ፈተናው ከመድረሱ ከወራት በፊት ለማንኛውም ወላጅ በሚታይ ቁጥር እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ይህን መጠየቅ የበዛ አይመስለኝም።

ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ በሚቀጥለው የጥራት ሪፖርቱ ጥሬ መረጃውን አብሮ ያውጣልን፤ ኦፕሬተሮች የመለኪያ ዳታ ስጦታውን ቢያንስ በአንድ ክልል በሙከራ ይጀምሩት፤ ለሰርቨር የሚሆን መደርደሪያና መስመር ያለው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እጁን ያውጣ። ሰርቨሩን በመትከልና ፈቃደኞችን በማሠልጠን በነጻ ለማገዝ እኔም የሙያ ጓደኞቼም ዝግጁ ነን። መልሳችሁን በይፋ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ሐዋሳ